ከወንድሜ ላልሸሻችሁ ሁሉ

አሰላሙ ዓለይኩም የጅማ ወገኖቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ታናሽ ወንድሜ ተሽሎት ቤት ገብቷል። አልሐምዱ ሊላህ። የደወላችሁልንን ሁሉ በየተራ ማመስገን ስላልቻልን ይህን በቤተሰቡ ስም ጻፍኩ።

ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ የቫይረስ በሽታ መከሰቱ በተነገረ ሰሞን በዚያ በኩል ሠርቶ ተመለሰ። ጅማ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ጣለው። ራሱን ፈለጠው፣ አስመለሰው፣ መቆም አቃተው። የት ከርመህ መጣህ ሲባል ሳይደብቅ ተናገረ። ማርበርግ ሊሆን ይችላል ብለው ወዲያው ለይቶ ማቆያ ክፍል አስገቡት። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ።

በመጀመሪያ የማመሰግነው እናታችንን ወንበር ስቦ ያስቀመጣትን ሐኪም ነው። እማዬ "ይህ ነገር ሰውን ምን ያደርገዋል?" ብላ ጠየቀችው። አልሸፋፈነላትም። ግማሹን በአፋን ኦሮሞ፣ ግማሹን በአማርኛ አስረዳት።

ቫይረሱ በተላጠ ቆዳ፣ በዓይን፣ በአፍንጫ ወይም በአፍ ይገባል። መጀመሪያ የሚይዘው ከበሽታ የሚጠብቁንን ሴሎች ነው። እነሱ ውስጥ ይራባል፤ እነሱው ተሸክመው ወደ ንፍፊት፣ ወደ ጉበትና ወደ ጣፊያ ያደርሱታል። ሰውነት ቶሎ እንዳይነቃ ያፍነዋል። ዘግይቶ ሲነቃ ደግሞ ቁጣው ልክ ያጣና የራሱን የደም ሥሮች ይጎዳል። ሥሮቹ ፈሳሽ ያሾልካሉ። በትንንሾቹ ሥሮች ውስጥ ደም ያለ ቦታው ይረጋል፤ ደም የሚያረጋው ንጥረ ነገር እዚያ ያልቃል። ተተኪውን የሚሠራው ጉበት ራሱ ታሟል። ስለዚህ ከድድ ወይም መርፌ ከገባበት ቦታ የሚወጣ ደም አልቆም ሊል ይችላል። መድማት ግን ሁሉም ታማሚ ላይ አይታይም። ፈሳሹ ከሥሮቹ ሲወጣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊትና ሌሎች አካላት ሥራ ያቆማሉ።

እማዬ ይህን ሰምታ ትወድቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን "ታዲያ ምን ይደረግለታል?" አለች። የተፈቀደ ክትባትም መድኃኒትም የለም አላት። ግን ፈሳሽ በጊዜ ከተተካ፣ ግፊቱና ኦክስጅኑ ከተጠበቀ ብዙ ሰው ይተርፋል። በሌሎች አገሮች ከታመሙት እስከ 88 በመቶ የሞቱበት ወረርሽኝ ነበር። ሩዋንዳ ውስጥ በ2024 እ.ኤ.አ. ግን ከ66 ታማሚዎች የሞቱት 15 ናቸው። እማዬ ያንን ቁጥር እንደ ዱዓ ስትደጋግመው አደረች።

ሩዋንዳ ላይ ከተያዙት አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ነርሶቻችን ይህን እያወቁ ነው የገቡት። በሽተኛው በጠና ቁጥር ደሙና ትውከቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ ይበዛል። በጣም ሰው በሚያስፈልገው ሰዓት ነው በጣም የሚያስፈራው። ወንድሜ ሲያስመልሰው አንዷ ነርስ ጀርባውን ደግፋ ይዛው ነበር። ፊቷ ስለማይታይ ስሟን በመከላከያ ልብሷ ላይ ጽፋለች፤ ከማን ጋር እንዳለ እንዲያውቅ። እህቴ፣ ውለታሽን በምን እንከፍላለን?

ወለሉን በክሎሪን ያጠብሽው የጽዳት ሠራተኛም አለሽ። አንቺን ማንም ቆሞ አያመሰግንም። እኛ እናመሰግንሻለን።

ላቦራቶሪዎች፣ እናንተም። ደሙ ውስጥ ወባ ሲገኝ "በቃ፣ ይውጣ" ያልን እኛ ነን። ወባ መኖሩ ማርበርግ የለም ማለት አይደለም ብላችሁ አቆያችሁት፤ የወባ ሕክምናውን ግን ወዲያው አስጀመራችሁ። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቫይረሱ በምርመራ ላይታይ ስለሚችል ናሙናውን ደግማችሁ ላካችሁ። ሁለቱም ከማርበርግ ነፃ ሆነ። የጣለው ከባድ ወባ ነበር።

ሰፈር ውስጥ ፊቱን ያዞረብን አለ። ያ አልፏል። ምግብ በር ላይ እያስቀመጣችሁ የተጣራችሁ የእድራችን ሰዎች ግን አንረሳችሁም። ሐጂ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ "ልጁ የእኛ ነው" ብለው ስለተናገሩልን አላህ ዕድሜ ይስጥልን። መኪናውን ተረክባችሁ ጭነቱን ያደረሳችሁ ሹፌሮች፣ እናንተንም አላህ ከመንገድ ክፉ ይጠብቃችሁ።

ጂንካ ላይ ወገን ያጣችሁ፣ እኛ የፈራነው እናንተ ላይ ደርሷል። አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ።

እሑድ ከዙህር በኋላ ቤታችን ሰደቃ አለ። ጎረቤት፣ ነርስ፣ ሹፌር፣ ሁላችሁም ተጠርታችኋል። ወንድሜ ገና አቅም ስላላገኘ ተቀምጦ ነው የሚቀበላችሁ።