ከፋሲካ ማግስት የጾም ምግብ የት ይገባል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለሕክምና ወይም ለንግድ ዴልሂና ባንኮክ የሚሄድ ጿሚ ከመብላቱ በፊት የሚያያቸው ምልክቶች አሉ። ሕንድ ውስጥ በታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብ ሥጋና እንቁላል የለበትም ማለት ነው፤ ወተትና ቅቤ ግን ሊኖርበት ይችላል። የምስር ወጣቸውም ሊወጣ ሲል ብዙ ጊዜ የነጠረ ቅቤ ስለሚፈስበት፣ ሲያዝዙ «በዘይት ብቻ» ማለት ያስፈልጋል። ባንኮክ ይቀላል። በቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈና 17 ቁጥርን የሚመስል ምልክት የሰቀለ ቤት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልም ሆነ ወተት አይጠቀምም፤ ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለም። ምልክቱ በሌለበት ግን የአትክልት ጥብሱም የዓሣ ሶስ አያጣም።

የሚገርመው የእኛው አገር ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ በያይነቱ ከብዙ ምግብ ቤቶች ሜኑ ይወጣል። ጾም ባይሆንም ሥጋና ወተት የማይበላ እንግዳ ግን ያኔም ይመጣል። ሽሮ አለ ይባላል፤ ቅቤ ገብቶበት!

መላው ቀላል ነው፤ ቁሌቱ ሁልጊዜ በዘይት ይሠራ፣ ቅቤው ደንበኛው ሲያዝ ብቻ መጨረሻ ላይ ይጨመር። 2 ኪሎ ሽንኩርት፣ ግማሽ ሊትር ዘይትና ሩብ ኪሎ በርበሬ በደንብ ቢቁላላ፣ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን ይቆያል፤ ለሽሮም ለምስርም ይሆናል። ብዙው ስሕተት ከጭልፋ ነው፤ ከቅቤው ድስት ወጥቶ የጾሙ ድስት ውስጥ ይገባል። የጾሙ ጭልፋ እጀታው በቀለም ይለይ። የአትክልት ሾርባ በአጥንት መረቅ አይሠራ፤ ዳቦውም እንቁላል አይቀባ። «የጾም» በሚለው ገጽ ዓሣ የሚያስገቡ ሆቴሎች ደግሞ ዓሣውን ለብቻው ይጻፉት፤ የውጭ እንግዳው ገጹን አምኖ ነው የሚያዘው።

የምግብ ዝግጅት ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ