የሕፃናትን የሌሊት እንቅልፍ ስናስብ የቀኑን ብርሃን አንርሳ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሌሊት እየነቃ የሚያለቅስ ሕፃን ላላቸው ወላጆች የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ስለ ምሽቱ ነው፤ ገላውን እጠቡት፣ ክፍሉን አጨልሙለት፣ ድምፅ ቀንሱ ይባላሉ። ምክሩ ተገቢ ነው፤ ሕፃኑ ቀኑን በምን ዓይነት ብርሃን ውስጥ እንደዋለ የሚጠይቅ ሰው አለመኖሩ ግን ያሳስበኛል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ቀንን ከሌሊት የሚለይበት የሰውነት ሰዓት ገና አልጸናለትም። ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በሕፃኑ ሰውነት ውስጥ የቀንና የሌሊት ሥርዓት ይዞ መመንጨት የሚጀምረው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር አካባቢ ሲሆን፣ ይህን ሰዓት የሚያስተካክለው ዋነኛ ምልክትም በዓይን በኩል ወደ አንጎል የሚደርሰው ብርሃን ነው። የቤት ውስጥ መብራት ብዙውን ጊዜ ከ500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አያልፍም፤ ደጅ ግን ሰማዩ ደመና ለብሶ እንኳ ብርሃኑ 10,000 ሉክስ ሊደርስ ይችላል። ዓይናችን ቶሎ ስለሚላመድ ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት አናስተውለውም።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት፣ ሌሊት ደኅና የሚተኙ ሕፃናት ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የበለጠ ብርሃን ያገኙ እንደነበሩ አሳይቷል። ጥናቱ አነስተኛ በመሆኑ ብርሃኑ ብቻውን እንቅልፉን አመጣ ለማለት አያስደፍርም፤ ስለ ሰውነት ሰዓት ከሚታወቀው ጋር ግን ይስማማል።

ሕፃኑን ደጅ ማዋል ማለት ፀሐይ ላይ ማስጣት አለመሆኑን አጥብቄ ላሳስብ እወዳለሁ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ቆዳው ስስ ስለሆነ ቀጥተኛ ፀሐይ ሊያርፍበት አይገባም፤ የዛፍ ወይም የበረንዳ ጥላ ከቤት ውስጥ መብራት እጅግ የበለጠ ብርሃን ስላለው ይበቃዋል። የሕፃኑን ጋሪ በጨርቅ መሸፈንም ሙቀቱን ውስጥ ስለሚያምቅ አደገኛ ነው። ሌሊት ለማጥባት ሲነሡ ደግሞ ደብዛዛ መብራት ይበቃል።

ጨቅላ ሕፃን ለመጥባት ሌሊት መንቃቱ የተፈጥሮ ነው፤ ብርሃን ይህን አያስቀረውም፣ ማስቀረትም አይገባውም። ሆኖም ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነገር በእጃቸው እያለ ወላጆች ሳያውቁት መቅረት የለባቸውምና፣ የጋዜጣችሁ የጤና ዓምድ የሕፃናትን እንቅልፍ በሚያነሣበት ጊዜ ስለ ቀን ብርሃንም ከሕፃናት ሐኪሞች ጠይቆ እንዲጽፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ