ዘላን አይደለንም፣ ማሽላ ዘሪዎች ነን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኦሞ ወንዝ ላይ ስለተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ ተቃዋሚዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። «የታችኛው ኦሞ ዘላኖች» የምትለዋ ላይ ስደርስ ግን አላልፍ አለኝ። ዘላን ስለሆኑ ውሃው ቢቀንስ የሚያጡት እርሻ የለም ብላችኋል። ዘላን ስድብ መሆኑን ልተወው። ከብት ተከትሎ የሚሄደውም አርብቶ አደር ነው የሚባለው።

እኔ ካራ ነኝ፣ ብዙ ሰው ካሮ የሚለን። የተወለድኩት ኦሞ ዳር፣ ዱስ ነው። ነሐሴ ላይ ወንዙ ይሞላና ዳርቻውን ያለብሰዋል። ሲሸሽ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል። ያኔ እናቴ ሹል እንጨቷን ይዛ ትወርዳለች። ጭቃውን ወጋ፣ ማሽላውን ጠብ፣ በተረከዟ ድፍን ታደርገዋለች። በሬ የለ፣ ማዳበሪያ የለ። ዝናብ ቢቀር እንኳ ያ እርጥበት እህሉን ያደርሰዋል። ይሄ እርሻ ካልሆነ እርሻ ምንድን ነው?

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ዳሰነች ውስጥ 364 ሰው የጨረሰውን ጎርፍ ጠቅሳችሁ «ግድቡ ጎርፍ አስቀረ» ብላችኋል። የሞቱት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ደራሽን መግታት ያስፈልጋል፣ በዚህ አልከራከርም። የየዓመቱ ሙላት ግን ሌላ ነው። አንዱ ሰው በላ፣ አንዱ ሰው አበላ። ሁለቱን ጎርፍ ብላችሁ ስትጠቀልሉ የእናቴን ማሳ አብራችሁ ቀበራችሁት።

መብራት ጠልቼም አይደለም። 1,870 ሜጋ ዋት ለሀገር ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውን የከፈለው ሰው ግን ስሙ ይጠራ!

ተቃዋሚዎቹን ደግሞ «የውጭ እጆች» ብላችሁ ዘጋችሁት። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚህ ትግል የጎልድማን ሽልማት ያገኘችው ኢካል አንጀሌይ ራሷ የኬንያ ቱርካና ተወላጅ ናት። ቱርካና ሐይቅ ከሚገባለት ውሃ 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከኦሞ ነው። አዎ፣ ከድንበር ማዶ ናት። ግን ጎረቤት ስለሚጠጣው ውሃ ቢጮህ ምኑ ነው ጣልቃ ገብነት?

«ነዋሪው ተወያይቶ ተስማምቷል» የሚለው ግን ከሁሉም በላይ አቃጥሎኛል። አንዱ ስብሰባ ላይ እኔም ነበርኩ። ሙላቱ ቢቀር በየዓመቱ ውሃ ይለቀቅላችኋል አሉን። አንድ ሽማግሌ «በየትኛው ወር? ለስንት ቀን?» ብለው ጠየቁ። ሰዓት አልቋል ተባለ። አቴንዳንስ ፈርመን፣ አበላችንን ተቀብለን ወጣን። በኋላ ያ ፊርማ የስምምነት ፊርማ ሆኖ ሪፖርት ውስጥ ገባ። እኔ የፈረምኩት ለመገኘቴ ነው። ሽማግሌው መልስ ሳያገኙ አረፉ። ውሃው ከተያዘ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ እናቴ ያንን ማሳ እንደ ድሮው ዘርታው አታውቅም። አሁን እህል የምትጠብቀው ከእርዳታ መኪና ነው።

ፎቶውም ያው የለመድነው ነው፤ በነጭ ቀለም የተዋበ ወጣት፣ ከጀርባው ወንዙ። ጋዜጠኛችሁ እዚያ ድረስ ሄዶ ካሜራውን ትንሽ ዝቅ ቢያደርግ ዳርቻውን፣ የደረቀውን ማሳ ያገኝ ነበር።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ። ለሚቀጥለው ፎቶ ካስፈለጋችሁ የእናቴ መዝሪያ እንጨት ቤት አለ። ጫፉ አፈር ካልነካ ቆይቷል።

ከጂንካ