የአይጠየፍና የሐይቅ ጉዞ፦ ለተጓዦች

ሰላም አባላት፣

ቅዳሜ «ጂን አለበት» የሚባሉ የድሮ ቦታዎችን ልናይ እንወጣለን። መጀመሪያ ደሴ ያለው አይጠየፍ አዳራሽ ነው፤ ያሠሩት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ተማርከዋል።

እንዲህ ባሉ አዳራሾች ሰውን የሚያስደነግጠው አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያው ነው። ቀን በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ሲመሽ ይኮማተርና ምስማሩ ላይ «ጧ» ይላል፤ ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱ ቶሎ ይገባል። ድምፁን መስማት የፈለገ ከ12 ሰዓት በፊት ይድረስ፣ ጋቢም ይያዝ። የእጅ ባትሪውን ከጉልበት ዝቅ አድርጋችሁ በአግድም አብሩ፤ የላላ ሳንቃ በጥላው ይታወቃል። የሌሊት ወፍ ኩስ ካያችሁ ማስክ አድርጉ፣ አትጥረጉት፤ ብናኙ ሳንባ ያሳምማል። «ጂኑ» ከዚህ የከፋ አይመስለንም።

እሑድ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነን። ደሴት ቢባልም ዛሬ ከየብስ ተያይዟል፣ በእግር ይገባል። ወንዶች ገዳሙን ያያሉ፤ ሴቶች ስለማይገቡ ከዳርቻው ይጠብቃሉ። ስለ ውኃው የሚወራውን አባቶችን በቀልድ አትጠይቁ።

መታወቂያ አትርሱ።