የቀለምና የባሕር እንስሳት መጽሐፍ ለምታዘጋጁ አባላት

ውድ የደሴ ወላጆች፣

ከ1 እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች 6 ገጽ ይበቃል። በአንድ ገጽ አንድ እንስሳ በአንድ ቀለም ይሁን፣ ጀርባውም ነጭ። ባሕሩን ሰማያዊ ቀብተን ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ካስቀመጥንበት ልጁ «ሰማያዊ» የተባለው የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ይህ ነው፤ ሸርጣን ሁልጊዜ ቀይ ከሆነ «ቀይ» የሸርጣኑ ስም ይመስለዋል። ስለዚህ ጥንድ አድርጉት፦ ቀይ ኮከብ ዓሣ በአንዱ ገጽ፣ ሰማያዊ ኮከብ ዓሣ በትይዩው። ሁለቱም በባሕር ውስጥ በእውነት አሉ። ስታነቡ «ኮከብ ዓሣው ቀይ ነው» በሉ፤ እንስሳውን ቀድሞ ካወቀ ትኩረቱ ቀለሙ ላይ ያርፋል። ሰማያዊና አረንጓዴን ጎን ለጎን አታድርጉ፣ በዚህ ዕድሜ ይምታታሉ።

ሥዕሉ ትክክል ይሁን። ኦክቶፐስ 8 ክንድ አለው፤ ሸርጣን መቆንጠጫዎቹን ጨምሮ 10 እግር። የዓሣ ነባሪ ጭራ አግድም ነው፣ የሻርክ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ። ልጆቻችን የሚያውቁትን የሐይቅ ዓሣ፣ ቆሮሶን፣ መጀመሪያ ላይ ማስገባት በጣም ጥሩ ነው፤ ግን የባሕር ስላልሆነ ከሻርክ ጋር አይሣል።

ከማሳተማችሁ በፊት አንድ የሙከራ ገጽ አስወጡ፤ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ሊያደላ ይችላል። ላሚኔት ሲደረግ (በላስቲክ ሲለበጥ) ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ይተውለት፤ ወረቀቱ ድረስ ከተቆረጠ ምራቅ ይገባና ይላጣል። ሹል ማዕዘኖቹን በመቀስ አክብቧቸው። ገጾቹን በሰፊ የጨርቅ ፕላስተር አያይዙ እንጂ በስቴፕለር አይሁን፤ ሽቦው ከተነቀለ ልጁ ይውጠዋል። ለእንስሳቱ ዓይን ብላችሁም አዝራር አትለጥፉ።