ጥሬ መረጃው ከተመራቂው ጋር አይሂድ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምኖረው ድሬዳዋ ሲሆን በምሥራቁ የሀገራችን ክፍል ከሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን አማክራለሁ። ስለ ግልጽ ሳይንስ፣ ማለትም የምርምር ጽሑፍና መረጃ ለሁሉም ክፍት ይሁን ስለሚለው አሠራር፣ በስብሰባና በሥልጠና ብዙ ይነገራል፤ ነገር ግን ጉዳዩ ሥር የሚይዘውም የሚመክነውም አማካሪና ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው በሚነጋገሩበት ሰዓት ስለሆነ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

በ2014 ዓ.ም. በከተማችን በበጋ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ፣ በውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ እጅ እንዳለበት በጥናት መረጋገጡ ይታወሳል። ከዚያ በኋላ አንዲት ተማሪዬ በነዋሪዎች የውኃ አያያዝ ላይ ልትሠራ ስትነሣ፣ ከወረርሽኙ በፊት በዚሁ ርእስ የተመረቀ ተማሪ እንደነበረኝ አስታወስኩ። ሳቢያን በተባለው የከተማችን ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ በርሜልና ሮቶ ቆጥሮ ነበር፤ የፊቱን ከኋላው ማነጻጸር ለከተማው ትልቅ ጥቅም ነበረው። ይሁንና የተጠረዘው መመረቂያ ጽሑፍ መቶኛ የሰፈረባቸው ሰንጠረዦች እንጂ ጥሬው መረጃ የለውም። ደውዬ ስጠይቀው ላፕቶፑ ተበላሽቷል፣ ፍላሹም ጠፍቷል። ኢሜይሌን ስፈትሽ አንድ የኤክሴል ፋይል አገኘሁ፤ ዓምዶቹ «ጥ7»፣ «ጥ7ለ» ይላሉ፣ ከሥራቸው 1፣ 2፣ 9 ተደርድሯል። 9 ማለት ዘጠኝ በርሜል ይሁን ወይስ «አላውቅም» የሚል መልስ፣ የሚለይበት መፍቻ አልነበረም። መፍቻውን ሠርተህ አስረክብ ብዬ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝና ጥፋቱን በተማሪው ላይ አላደርገውም። ተማሪዬ ያንኑ ሰፈር እንደ አዲስ ስትዞር፣ ነዋሪዎቹ «ባለፈው መጥታችሁ ጠይቃችሁን የለም ወይ?» ሲሏት መልስ አልነበራትም።

መመሪያ ስለሌለ ነው እንዳይባል፣ የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ያወጣው የግልጽ ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ መመረቂያ ጽሑፎችና መረጃዎች በዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ያዛል። ዩኔስኮም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ስለ ግልጽ ሳይንስ ያወጣውን ምክረ ሐሳብ አባል ሀገራቱ ተቀብለውታል። የጎደለው በአማካሪው ጠረጴዛ ላይ ያለው ሥራ ነው።

ተማሪው ፕሮፖዛሉን ሲያቀርብ መረጃው የት እንደሚቀመጥና በምን ስልት እንደሚተነተን ጽፎ ቀን ያኑርበት፤ ለመስክ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ይሁን። ይህ ቢሆን፣ መላምቱ ሳይሰምርለት የቀረ ተማሪ «ውጤት የለህም» ተብሎ ቁጥሩን እስኪስማማው ድረስ ለማገላበጥ አይገደድም ነበር። ተማሪው ጽሑፉን በፈታኞች ፊት በሚያቀርብበት ዲፌንስ ላይ እንዲህ ዓይነት ተማሪዎች ሲሸማቀቁ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያልተገኘ ግንኙነትን በታማኝነት መዘገብ ራሱ ውጤት መሆኑን አስቀድሞ ማስረዳት የእኛ የአማካሪዎች ፈንታ ነው።

ተማሪዎች ሥራዬን ሌላ ሰው ቀድሞ ያሳትመዋል ብለው ይሰጋሉ፤ ሥጋታቸውም መሠረት አለው። ሆኖም ዜኖዶ የተባለው ነጻ የኢንተርኔት የምርምር መረጃ ማከማቻ መረጃው ለተወሰነ ጊዜ ተዘግቶ እንዲቆይ ይፈቅዳል፣ የባለቤቱን ስም ይዞም ቋሚ መለያ ቁጥር ይሰጣል። የተጠያቂዎች ስም፣ ስልክና የቤታቸው ጂፒኤስ ግን ከፋይሉ መውጣት አለበት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ቢኖርም ባይኖርም፣ በራቸውን ከፍተው ላስተናገዱን ሰዎች ያለብን አደራ ነው። መረጃው ለሌሎች ጥናቶች ሊውል እንደሚችልም በስምምነት ቅጹ ላይ አስቀድሞ ይነገራቸው። ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል የሚለው ምክንያት አያሳምነኝም፤ የአንድ ዳሰሳ ጥናት የኤክሴል ፋይል ብዙ ጊዜ በስልክ ከተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ያንሳል።

ከዚህ ዓመት ጀምሮ የማማክራቸው ተማሪዎች መረጃውን ከነመፍቻው ሳያስረክቡኝ ለዲፌንስ አልፈርምላቸውም። የትምህርት ክፍሎችም ተመራቂ የቤተ መጻሕፍትና የመኝታ ክፍል ዕዳ እንደሌለበት በሚያስፈርምበት የክሊራንስ ቅጽ ላይ «ጥሬ መረጃና መፍቻ ገቢ ተደርጓል» የሚል አንድ መስመር እንዲጨምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር
ከድሬዳዋ