ልጄ፣ ከመውጣትህ በፊት መግቢያህን እይ

ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ።

በስልክ «እማ፣ መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ በሞተር ስትቀድሚ ክፍተቱ ይበቃኛል፣ አይበቃኝም የሚለውን በምን ታውቂያለሽ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ነገር አልሆነልኝም። አንተም ሳወራ ታቋርጠኛለህ። በጽሑፍ ይሻለናል።

«አትቅደም» ብዬ ልመክርህ አልተነሳሁም። ራሴ እስከ ዛሬ ሞተር እየነዳሁ እንዲያ ብልህ ማን ይሰማኛል?

ሰው ለመቅደም ሲያስብ መጀመሪያ የሚያየው ከፊት ለፊት የሚመጣውን ነው። መንገዱ ባዶ ከሆነ ይወጣል። ጭር ባለ መንገድ ላይ ይህ ይበቃ ይሆናል። በሁለቱም አቅጣጫ መኪና በተከታተለበት መንገድ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ስጨርስ የት ነው የምገባው? ከፊቱ ያለው ክፍተት ይይዘኛል? እኔ እስክደርስስ ይቆየኛል?

ቁጥር ትወዳለህና እስቲ እናስላው። 16 ሜትር የሚረዝም ተሳቢ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። አንተ በ80 ልትቀድመው ነው። 20 ሜትር ከኋላው ሆነህ ትወጣለህ፣ 20 ሜትር ቀድመኸው ትገባለህ። የራስህን ሞተር ርዝመት ስትጨምርበት ከተሳቢው 58 ሜትር ያህል አብልጠህ መሄድ አለብህ። በመካከላችሁ ያለው የፍጥነት ልዩነት በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ አሥር ሰከንድ ያህል በሌላ ሰው መስመር ላይ ነህ። በዚያ ጊዜ አንተ 220 ሜትር ትሄዳለህ። ከፊት የሚመጣውም በ80 ከሆነ ሌላ 220 ሜትር ይመጣል። ድምሩ 440 ነው፣ እሱም ከፊት የሚመጣው ልክ ስትገባ አጠገብህ ማለፉ ካላስፈራህ ነው። እኔን ያስፈራኛል። ትንሽ ትርፍ ስንጨምርበት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ባዶ መንገድ ያስፈልጋል። በተጨናነቀ መንገድ ላይ ይህን ያህል ባዶ መቼ ታገኛለህ?

«እሺ፣ በ100 አልፈዋለሁ» ትለኛለህ፤ አውቅሃለሁ። ሕጉ ይፈቅዳል እንበል። እውነትህን ነው፣ ጊዜው ወደ አምስት ሰከንድ ይወርዳል፤ የሚያስፈልግህም መንገድ ወደ 260 ሜትር ይቀንሳል። አሁን ግን መግቢያውን አስብ። ከተሳቢው ፊት ሌላ መኪና እንደሱ በ60 እየሄደ ነው። በመካከላቸው 30 ሜትር አለ። አንተ በሰከንድ 11 ሜትር ትበልጣቸዋለህ። ያቺን 30 ሜትር ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ትጨርሳታለህ። ስለዚህ ገና ከመግባትህ ፍሬን መያዝ ሊኖርብህ ነው፤ ያውም ጭነት የያዘ ተሳቢ ከኋላህ ሆኖ። ሹፌሩ ያንን ክፍተት የተወው ለራሱ ማቆሚያ ብሎ ነበር። አንተ ገብተህ ለሁለት ከፈልክበት። እሱ ደግሞ እንዳንተ ቶሎ አይቆምም።

ይህ የኔ ብቻ ወግ አጥባቂነት እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም የሚቀድም ሰው የሚወጣበት መስመር በበቂ ርቀት ነጻ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያዛል። እዚያ ላይ አያቆምም። የቀደማቸውን ሳያስቸግር ወደ ቦታው መመለስ እንደሚችልም ማረጋገጥ አለበት ይላል።

መግቢያው ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ ከፊት ነው፣ እሱን አየነው። ሌላው ጥለኸው የወጣኸው ቦታ ነው። ከተሳቢው ጭራ ጎን ሆነህ ሐሳብህን ብትቀይር ፍሬን ይዘህ ወደዚያው መመለስ ትችላለህ፣ ቦታው ካለ። ከኋላህ ተለጥፎ የሚመጣ መኪና ካለ ግን አንተ እንደወጣህ ነዳጅ ሰጥቶ ይሞላዋል። ስለዚህ ስፖኪዮ የምታየው ከኋላህ የሚቀድም እንዳለ ለማወቅ ብቻ አይደለም። ያ ሰው በሩን ይዘጋብኛል ወይ ብለህም ነው። ስፖኪዮ የማያሳይህ ቦታ ስላለ አንገትህንም ዞር አድርግ።

ስለ ዓይን ልንገርህ። ዓይናችን ፊት ለፊት የሚመጣን ነገር ፍጥነት ለመገመት ደካማ ነው። ሩቅ ያለ መኪና የቆመ ይመስላል። መጠኑ የሚያድገው ቀስ እያለ ነው፤ ሲቀርብ ግን ድንገት ይገዝፋል። እንደዚያ የገዘፈብህ ጊዜ የመወሰኛው ሰዓት አልፏል። ትንሽ ነገር ደግሞ ከትልቅ ነገር ዘግይቶ የሚደርስ ይመስላል። ይህ በሁለት በኩል ይጎዳናል። ከፊት የሚመጣውን ሞተረኛ አንተ ሩቅ አድርገህ ታየዋለህ፤ ከፊት የሚመጣው ሹፌርም አንተን እንደዚያው። ማታ ሲሆን ይብሳል። አንድ መብራት ብቻ ስታይ «ሞተር ነው፣ ጎን ለጎን እንተላለፋለን» አትበል። አንድ መብራቱ የተቃጠለ አውቶቡስም ሊሆን ይችላል።

ከተሳቢ ኋላ ተለጥፈህ አትከተል። እዚያ ሆነህ የምታየው የተሳቢውን በር ብቻ ነው። ሁለት ሰከንድ ራቅ በል፤ በ60 ሲሆን 33 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ግራ ሲታጠፍም ወደ ቀኝ ሲታጠፍም በጎኑ አሻግረህ ታያለህ። ደግሞም ነዳጅ ሰጥተህ ፍጥነት የምትይዝበት ቦታ ይኖርሃል። ማርሹን ከመውጣትህ በፊት ቀንስ። ከከባዱ መኪና ጎን ሆኖ ማርሽ መፈለግ የሚያናድድ ነገር ነው። ነፋሱንም ጠብቀው፤ ከመኪናው ጥላ ወጥተህ አፍንጫውን ስታልፍ ከጎን ይመታሃል።

ሌላ ሰው ሲቀድም ተከትለህ አትውጣ። ይህን ደጋግሜ ብነግርህ ደስ ይለኛል። እሱ ያየው መንገድ ለሱ ብቻ ነው። ያየው ክፍተትም የአንድ ሰው ነው። እሱ ገብቶ ሲዘጋው አንተ ሜዳ ላይ ትቀራለህ። ከጓደኞችህ ጋር ስትነዳ ደግሞ ማንም መቅረት አይፈልግም፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። የቀደመህ ሰው ጓደኛ ከሆነ ቆም ብሎ ይጠብቅሃል።

የከባድ መኪና ሹፌር በፍሬቻ «እለፍ» ሲልህም እንደዚያው ነው። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ሊታጠፍ ወይም ሊቆምም ይችላል። ፍሬቻው የትኛውን እንደሚል አይነግርህም። አመስግነህ በራስህ ዓይን እይ።

በቀኝ በኩል በሚነዳበት መንገድ ላይ ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ወደ ግራ የሚታጠፈው ነው። መኪኖች ያለ ምክንያት ፍጥነት ሲቀንሱ ካየህ ምክንያት አለ ማለት ነው። አንዱ ወደ ግራ ሊታጠፍ ይሆናል፤ የተከማቹትን መኪኖች በግራ በኩል እያለፍክ ከሆነ የምትሄደው እሱ ወደሚያቋርጥበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሃሪ ኸርት ጥናት አሜሪካ ውስጥ የደረሱ የሞተር አደጋዎችን መርምሮ ነበር። ሞተርና ሌላ ተሽከርካሪ ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው ሌላው አሽከርካሪ ነበር። ጥፋተኛው እሱ ሆኖ የሚሰበረው ግን የኛ እግር ነው። ስለዚህ መጋጠሚያ ወይም የግቢ መግቢያ ባለበት አትቅደም።

ስትቀድመው ነዳጅ የሚጨምርም ሰው አለ። በተለይ የሄልሜቱ ባለቤት ሴት መሆኗን ሲያውቅ የሚብስበት አይቻለሁ። ምን ይደረጋል! እንደዚያ ሲያደርግ እልህ ውስጥ አትግባ። የኋላው ቦታ ካለ ተመለስ፣ ይሂድ።

ትርፉንም እንይ። 20 ኪሎ ሜትር በ60 ስትሄድ 20 ደቂቃ ይፈጅብሃል። በ70 ከሆነ ከ17 ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ያተረፍከው ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በተጨናነቀ መንገድ ላይ እሱንም አታገኘውም፤ አንዱን አልፈህ የሌላው ኋላ ነህና። እኔ ሰልፉ ጫፉ የማይታይ ከሆነ አልነሳም። አንድ ዘገምተኛ ከባድ መኪና ብቻ ከሆነና ከሱ ወዲያ መንገዱ ከተከፈተ ያኔ ያዋጣል።

እህትህን ልታፈናጥጣት እንዳሰብክ ነግራኛለች። አልከለክልም። ግን ሁለት ሰው ሲሆን ሞተሩ ይከብደዋል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይባስ። ከላይ ያሰላሁት ሁሉ ይረዝማል። መጀመሪያ ምንም የሚቀደም በሌለበት መንገድ ላይ አፈናጥጠሃት ከ60 ተነስተህ 80 እስክትደርስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅብህ እሷ ትቁጠርልህ። ቁጥሩን ጻፍልኝ።

እናትህ